በማይክሮፎን ስለታደለን ጡት ማስያዣ

ለተከበሩ አቶ ሳቢር፣
የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ጭሮ።

ጉዳዩ፦ በማርች 8 ለተደረገልን ስጦታ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነትና በተረጋጋ የደም ግፊት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ግፊትዎ ዛሬ ከፍ ያለ እንደሆነ ግን ለነገ ቢያሳድሩት አልቀየምም። ቤተሰብዎም፣ መኪናዎም፣ በየስብሰባው ንግግር የሚያነቡበት መነጽርዎም ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ በመዝገብ ቤት የምሠራው ሙሉዓለም ነኝ፤ በስሜ ካላወቁኝ ለጸሐፊዎ «ያቺ አፈኛ አሮጊት» እያሉ የሚያስጠሩኝ ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ለእርስዎ የሚገባ ማመልከቻ ሁሉ ጥጉ ላይ «ይታይ» ተብሎ ተመርቶበት ወደ መዝገብ ቤት ስለሚመለስና መዝገብ ቤት ማለት ደግሞ እኔ ስለሆንኩ፣ ለራሴ ጽፌ ለራሴ ማስቀመጡ ስለሰለቸኝ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ምስጋናዬን ከመነሻው ልጀምር።

1ኛ. በመጀመሪያ ሀኒፋን ስላዳመጡ እናመሰግናለን። ሀኒፋ ማለት እርስዎ ጠዋት ሲገቡ ገና ባልደረቀው ኮሪደር ላይ ጫማዎን ሳያራግፉ የሚያልፉባት፣ ጎንበስ ብላ የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። ሴት ልጅ ሃምሳን ስትሻገር ሰውነቷ ማንንም ሳያስፈቅድ ቅርጹን ይለውጣል። ጡት ይወርዳል፣ ይለሰልሳል፤ ጀርባ ይሰፋል፤ አምና በልክ የነበረው ዘንድሮ ጎን ይቆርጣል። የወር አበባ ሲቆም ደግሞ እሳት ከደረት ተነሥቶ አንገት ድረስ ይወጣና ከጡት ሥር ላብ ያጠራቅማል፣ ላቡ ሽፍታ ይሆናል፣ ሽፍታው ላይ የጡት ማስያዣው ሽቦ ይቀመጥበታል። ሀኒፋ ማንገቻው ትከሻዋን ስለሚሰረስራት በሁለቱም በኩል መሐረብ አጥፋ ከሥሩ ታደርግ ነበር፤ ባልዲ በምታነሣበት በኩል ያለው ትከሻዋ ግን መሐረቡም አላዳነውም፣ ቦይ ወጥቶለታል። ይህን እርስዎ እንዲያውቁ ማንም አልጠበቀብዎትም፤ ያልተጠበቀብዎትን ለማወቅ መነሣትዎ ነው ጉዱን ያመጣው።

የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነበር። በየዓመቱ ከሚሰጣት የደንብ ልብስ ውስጥ ካኪ ጋዋኑ ቤቷ ተደራርቦ ተቀምጧልና፣ የዘንድሮው ቀርቶባት በፈንታው ሽቦ የሌለው፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ፣ ለዕድሜዋ የሚሆን የጥጥ ጡት ማስያዣ ቢገዛላት ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እኔ ለሴቶች ጉዳይ ተጠሪያችን ነገርኩ፤ ተጠሪያችን በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ስምም ልክም ሳትጠራ ለእርስዎ አቀረበች፤ እርስዎ «ማናት ይህን ያለችው?» ብለው ስሟን ካስነገሩ በኋላ ሐሳቡ በጣም ደስ አሰኝቶዎት ለሴት ሠራተኞች በሙሉ በማርች 8 ስጦታነት እንዲገዛ አዘዙ። በጆሮ የተነገረች ነገር በእርስዎ እጅ እንዲህ ቶሎ ትፋፋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

2ኛ. በዚያው ስብሰባ ላይ «ለመሆኑ ለምን ከገበያ አይገዙም?» ብለው ስለጠየቁ እናመሰግናለን፤ ጥያቄ መጠየቅ የማያሳፍር መሆኑን ከእርስዎ ተምረናል። እኛም እንገዛለን። የከተማችን ሱቆች ጡት ማስያዣ የሚያመጡት ለሙሽራ ነው፤ በር ላይ በሲባጎ ተሰቅሎ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሁሉ ስፖንጅ የተሞላ፣ የአንድ ጎረምሳ ቡጢ የማይይዝ ነው። ሻጮቹ ወንዶች ናቸው። መለካት የለም፣ መሞከር የለም፣ መመለስም የለም። እኛ መሬት መሬት እያየን በአገጫችን እናመለክታለን፣ ሻጩ ጣሪያ ጣሪያ እያየ «ይለጠጣል» ይላል፣ በጥቁር ፌስታል ይጠቀለላል፣ ማናችንም ዕቃውን ሳናየው ተገበያይተን እንለያያለን። «ይለጠጣል» ያለን ዕቃ እስከ ዛሬ ተለጥጦ አያውቅም፤ የሚለጠጠው ቆዳችን ነው። ቦኬና መቻራ በገበያ ቀን የሚወጣው ደግሞ ሰልባጅ ነው፤ ከክምሩ ውስጥ በትልቅነቱ የሚሆንሽን ብታገኚ እንኳ የሌላ ሴት ጡት ቅርጹን አስይዞታልና ስትለብሺው በእንግድነት ትኖሪያለሽ። ሀኒፋ ሁሉንም ሞክራለች። ገበያ ሄዳ ሄዳ ስለደከማት ነው ወደ መንግሥት የመጣችው።

3ኛ. የግዢ ኮሚቴውን ስላቋቋሙ ምስጋናችን እጥፍ ነው። ሰብሳቢው አቶ አብዱናስር ሲሆኑ አባላቱም እንደ እሳቸው ጺማሞች ነበሩ። ከእኛ አንዷ ኮሚቴው ውስጥ እንድትገባ ስንጠይቅ «የምትለብሰው ራሷ ገዢ ከሆነች የጥቅም ግጭት ይፈጠራል» ብለው የመለሱልን መልስ ገና ለብዙ ዘመን የሚነገርልዎ ይመስለኛል። በዚህ አያያዝዎ ምግብ የሚበላ ሰው ምግብ መግዛት የለበትም ማለት ነው፤ የእርስዎን ሆድ ለተመለከተ ግን መመሪያው ቤትዎ ድረስ አልዘለቀም።

ግዢ በሦስት ፕሮፎርማ ይፈጸማል፤ ሦስቱ ነጋዴዎች እንዲወዳደሩ ደግሞ የዕቃው ዝርዝር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህ ለወንበር ጥሩ ሕግ ነው። ኮሚቴው ዝርዝሩን ሲያወጣ የአንዷ ልክ ከሌላዋ ይለያያል የሚለው ነገር ውድድሩን እንዳያበላሽበት ሰጋና ለሁላችን አንድ ልክ ወሰነ፤ ከወጣቷ ጸሐፊዎ ጀምሮ ልጅ ልጅ እስካየችው እስከ ሀኒፋ ድረስ ቁጥር ሠላሳ አራት። አቶ አብዱናስር ይህን ቁጥር ከየት አመጡት ብለን ብንጠይቅ «መካከለኛ ነው» አሉን። ያሸነፈውም ነጋዴ ዘወትር ወረቀት፣ ቀለምና የፋይል መደርደሪያ የሚያቀርብልን የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ዋጋው ዝቅ ብሎ ነው ተባለ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት አቶ አብዱናስር ገበሬ አባታቸው ሳያስተምሯቸው አልቀሩም ነበር፤ እሳቸው ግን ከእርሻው ሸሽተው ፋይናንስ ገቡ።

4ኛ. ስለ ርክክቡ ሥነ ሥርዓት እናመሰግናለን። እንደ ጨዋ መሥሪያ ቤት ዕቃችንን በፌስታል ጠቅልላችሁ በየክፍላችን ብትልኩልን ኖሮ ይህን ሁሉ ክብር እናጣ ነበር። እርስዎ ግን አዳራሹን በባነር አስጊጠው፣ ሽማግሌዎችንና የሃይማኖት አባቶችን ከፊት አስቀምጠው፣ ሾፌሮችንና ጥበቃዎችን ከኋላ ደርድረው፣ አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ቀይ፣ ዳንቴል ያለው፣ ስፖንጅ ያለው፣ ሽቦ ያለው ጡት ማስያዣ ከምረው ጠበቁን። የንብረት ክፍሉ አቶ ፊሊጶስ ስምና ልክ በማይክሮፎን ይጠሩ ነበር። ልኩ አንድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ቢናገሩት ይበቃ ነበር ያሉ አሉ፤ አቶ ፊሊጶስ ግን ሥራቸውን አያጓድሉም፣ በየስሙ ደገሙት።

መጀመሪያ የተጠራችው ሀኒፋ ነበረች፤ «የሐሳቡ ባለቤት» ብለው አስተዋወቋት። ሂጃቧን አስተካክላ ወጣች። በሁለት እጅዎ ሰጧት፣ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ልትመለስ ስትል «ቆይ፣ ከፍ አድርጊው፣ ፎቶው ላይ ይታይ» አሉ። ከፍ አደረገችው። በሕይወቷ የታዘዘችውን እምቢ ብላ የማታውቅ ሴት ምን ታድርግ? ከሾፌሮቹ መካከል አንዱ «ሙሽሪት!» ብሎ እልል አለ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ፤ ማይክሮፎኑ አፍዎ አጠገብ ስለነበር ከሁሉም በላይ የተሰማው የእርስዎ ሳቅ ነው፣ የሐረር መንገድ ላይ ጫት የጫኑት መኪኖች ሳይቀሩ የሰሙት ይመስለኛል። ሀኒፋ «ያ ረቢ» አለች፣ ቀስ ብላ፤ እኔ ከጎኗ ስለደረስኩ ሰማኋት። ዕቃውን ከልብሷ ሥር ሸጎጠችና ተቀመጠች። እንግዶቹ ሲሄዱ የወደቀውን ፈንዲሻና የውሃ ፕላስቲክ ጠርጋ፣ ወንበሮቹን ደርድራ፣ አዳራሹን ቆልፋ ቁልፉን ለጥበቃ ሰጥታ ነው ቤቷ የገባችው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መጥረጊያውን የት እንደማስቀምጠው አውቅ ነበር።

የእኔንም ድርሻ ተቀብያለሁ። ቤቴ ገብቼ የት የት ይሆነኛል ብዬ ስሞክረው ጉልበቴ ላይ ልክ መጣ፤ ብርድ ሲሆን እንደሚጠቅመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

5ኛ. ፎቶዋን በጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ «ሴቶችን በተግባር የደገፈ ተቋም» በሚል ጽሑፍ ስላወጡት እናመሰግናለን። ቦኬ ያሉት የልጇ አማቾች ደወሉላት። አልሰደቧትም፤ «ደኅና ነሽ ወይ፣ አእምሮሽ ደኅና ነው ወይ?» ብለው ነው የጠየቋት፣ ይህም ከስድቡ ይብሳል። መቻራ ያለው ወንድሟ ስልኳን ማንሣት ተወ። የባጃጅ ተራ ላይ «ሠላሳ አራት መጣች» የሚሏት ስለበዙ ቤቷ ለመግባት ዋናውን መንገድ ትታ በቆሻሻው በኩል መዞር ጀመረች። ዕቃውን አቃጠለችው። ስፖንጁ ሲቃጠል ሽታው ሰፈሩን አዳረሰና ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብሎ መጣ፤ እንኳን ደብቃው አቃጥላውም አላመለጠችም።

ፎቶው ከገጹ ላይ እንዲነሣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለምኜ ነበር። ፎቶው ለበላይ አካል በሚላከው የምርጥ ተሞክሮ ሪፖርት ላይ ስለተያያዘ ሊነሣ እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔም ሪፖርቱን አይቼዋለሁ፤ በመዝገብ ቤቴ በኩል ነው ያለፈው። ከሀኒፋ ፊት ይልቅ ጡት ማስያዣው ጥርት ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። እርስዎ ሱፍ ሲያሰፉ ድሬዳዋ ሁለት ጊዜ ሄደው ይለካሉ፤ አንድ ጊዜ ሲቆረጥ፣ አንድ ጊዜ ሊዘጋ ሲል። ሆድዎ በሹመት ላይ ከቆዩበት ጊዜ ጋር እኩል ስለሚያድግ ልብስ ሰፊው ከውስጥ ተጨማሪ ጨርቅ አስቀርቶልዎ ነው የሚሰፋው፤ ይህን እርስዎ ራስዎ በሻይ ሰዓት በኩራት ነግረውናል። ሰውነት ከዕድሜ ጋር እንደሚለወጥ፣ ልብስም ተከትሎት ሊለወጥ እንደሚገባ እንግዲህ ያውቃሉ ማለት ነው። ለራስዎ ሲሆን ያውቃሉ። ለሀኒፋ ሲሆን ፕሮፎርማ ሆነብዎ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ውለታዎን ለመመለስ አስበናል፤ ኮሚቴ አቋቁመን፣ ከጥበቃው ከጎበዜ ቅጥነትና ከእርስዎ ውፍረት መካከለኛውን ወስደን፣ ለወንዶች ሠራተኞች በሙሉ አንድ ልክ የውስጥ ሱሪ ገዝተን በዚያው አዳራሽ በስም እንጠራለን። ከፍ አድርገው ለፎቶ ማሳየት አይርሱ።

6ኛ. ሀኒፋ ሥራ እለቃለሁ ብላ ስታመለክት «ይፈቀድ» ብለው በአንድ ቀን ስለፈረሙላት እናመሰግናለን፤ ለስንት ዓመት ሲለመን የነበረው የኮሪደሩ አምፖል እንኳ እንዲህ ያለ ፍጥነት አላገኘም። ቀጥሎ ግን ክሊራንስ መጣ። እንደሚያውቁት አንድ ሠራተኛ ሲለቅ በስሙ የተመዘገበ ንብረት እንደሌለበት እያንዳንዱ ክፍል ካልፈረመለት የጡረታ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ሁሉም ፈረመላት። አቶ ፊሊጶስ ጋ ስትደርስ በስሟ አንድ ጡት ማስያዣ አለ፣ ይመለስ ተባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ያስገባው ከፋይል መደርደሪያ ጋር በአንድ ደረሰኝ ነበርና መደርደሪያው ቋሚ ንብረት ተብሎ ሲመዘገብ ጡት ማስያዣውም አብሮ ቋሚ ንብረት ሆነ። ወረቀትና እስክሪብቶ አላቂ ናቸው፤ ያልቃሉ፣ አይጠየቁም። የእኛ ጡት ማስያዣ ግን ከጠረጴዛና ከወንበር ጋር ለዘለዓለም እንዲኖር ተፈርዶበታል። ሀኒፋ አቃጠልኩት እንዳትል የመንግሥት ንብረት ማቃጠል ነገር ያመጣባታል፤ ጠፋብኝ እንዳትል ጠፋብኝ የምትል ሴት በአደባባይ ምን እንደምትባል ታውቃለች። ስለዚህ ዝም ብላ በየሳምንቱ እየመጣች ስትወለውለው በኖረችው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ እግሯን እያስነሣች በሥሯ ትወለውል ነበር። እርስዎም አንድ ቀን ሲያልፉ አይተዋት «ሥርዓት ነው፣ ምን ላድርግሽ» አሏት። በእናትዎ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ማለትዎን የሰማነው ሁሉ አፈርን፤ እርስዎ ስልክ ያወሩ ስለነበር ለማፈር ጊዜ አላገኙም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እርስዎ ግን ሲሾሙ የበሉት የሰው ፊት ነው።

7ኛ. በመጨረሻም ለአንድ ልክ ውሳኔዎ ከሁሉ የላቀ ምስጋና አለኝ። ትናንት የእኔን ጡት ማስያዣ ይዤ ንብረት ክፍል ገባሁና የሀኒፋ ነው፣ መልሳለች ብዬ አስረከብኩ። አቶ ፊሊጶስ አገላብጠው አዩት፤ ቀለሙ ያው ቀይ፣ ቁጥሩ ያው ሠላሳ አራት፣ ዳንቴሉም ያው። እንኳን እሳቸው ያመረተው ፋብሪካ የማን እንደሆነ ሊለየው አይችልም። ፈረሙ። ሀኒፋ ወረቀቷን ይዛ ወጣች፤ አግዳሚው ባዶ ሆኗል። እያንዳንዳችንን እንደየልካችን ገዝተውልን ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አልችልም ነበርና ለግዴለሽነትዎ ውለታ አለብኝ። አሁን ንብረት የጎደለብኝ እኔ ነኝ። የእኔ ጡረታ ሲደርስ ይጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ፤ በደብዳቤ ሳይሆን በአዳራሹ፣ በማይክሮፎን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶው ይነሣ። እስኪነሣ ድረስ ይህን ደብዳቤ ከፎቶው ሥር በአስተያየት መስጫው ላይ በየጠዋቱ እለጥፈዋለሁ። ቢያጠፉት እንደገና እለጥፋለሁ፤ መዝገብ ቤት ስኖር የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅጂ ማስቀመጥ ነው።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎ፣ ወንበርዎን አጥብቆልዎ፣ የሱፍዎንም ስፌት ከመተርተር ጠብቆልዎ ለብዙ ዓመታት እንዲመሩን እየተመኘሁ፣ ከጎበጠ ትከሻዬ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሙሉዓለም
ከመዝገብ ቤት

ግልባጭ፦
ለግዢ ኮሚቴው፤ መካከለኛ የሚባለው ነገር ማን ላይ እንደተለካ እንዲያሳውቀን።
ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው፤ ወደ ወረቀቱ እንዲመለስ።
ለክቡርነትዎ ባለቤት፤ ልኳን ያውቁ እንደሆነ ዛሬ ማታ እንድትጠይቅዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን እንዳልጽፍ ሀኒፋ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን አፍርሻለሁና ቅጣቱ በእኔ ላይ ይሁን። ለምን አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ አልተናገርሽም፣ ለምን አልከሰስሽም እያልኩ ብነዘንዛት አንድ ቀን ነገረችኝ። እናትዎ እርስዎን ወልደው በታመሙና ጡታቸው በደረቀ ጊዜ፣ ጎረቤታቸው የነበረች አንዲት ወጣት አራስ የራሷን ልጅ በአንድ ጡቷ፣ እርስዎን በሌላው ይዛ ጥርስ እስኪያወጡ አጥብታዎታለች፤ በሃይማኖታችሁም ያጠባች ሴት እናት ናትና ልጅ ሳሉ በየዒዱ እጇን ሊስሙ ይላኩ ነበር። ያቺ አራስ ሀኒፋ ናት፤ እርስዎም ይህን ያውቃሉ፣ ከተሾሙ ወዲህ ነው የማያውቋት። «ኢልመ ኮ ነው፣ ልጄ ነው፣ ልጄን በሰው ፊት አላዋርደውም» አለችኝ። ለእንዲህ ያለ ልጅ በአማርኛ የታወቀ ስም አለ፤ እኔ ለኃላፊዬ በአክብሮት ስለምጽፍ አልጻፍኩትም፣ ጭሮ ግን ከዛሬ ጀምሮ በእሱ ይጠራዎታል።